ገብሱ የአባት፣ ኑዛዜው የልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤት የማን ምስጢር ነው የሚለውን እናያለን። የቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ፣ አሁኑኑ ሁኑ፤ ሰነፍ ተመልካች አልወድም።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ከቢቸና አንድ አባት ጻፉልን፦ «ጤፉን የምጭን እኔ፣ ብሩን የምልክ እኔ፤ የልጄን ውጤት አታይም የሚለኝ ማን ነው?» ብዙ ሰው ደገፋቸው። ስለዚህ ያሰብሁትን ትቼ እዚሁ ላይ እቆያለሁ።

እስቲ የንስሐ አባትን አስቡ። እኛ ጎጃም ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ሰው ሁሉ የሚናዘዘው ለአንድ ካህን ነው። በበዓል ይመጣሉ፣ ቤቱን ይባርካሉ፣ ጠላ ይቀዳላቸዋል። ጠላው የተጠመቀው በአባት ገብስ ነው። ታዲያ አባትየው ዋንጫውን ሞልቶ «አባ፣ ልጄ ምን ተናዘዘ?» ይላል? አይልም! ቢል አባ ዋንጫውን አስቀምጠው ይነሣሉ። ገብሱ የአባት ነው፤ ኑዛዜው የልጅ ነው። ደግሜ ልበለው፦ ገብሱ የአባት፣ ኑዛዜው የልጅ። የተማሪን ውጤት የሚይዘው የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራርም እንደዚያው መሆን አለበት። እርግጥ ሬጅስትራር ዘንድ ጠላ የለም፤ ሰልፍ ብቻ።

ሕጉን ቶሎ እንለፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል፣ ባለቤቱም እንዲያየውና ስሕተቱን እንዲያሳርም ይደነግጋል። ይህን ታውቁታላችሁ።

ስም ሰርዞ በመታወቂያ ቁጥር ብቻ ውጤት መለጠፍስ? ዝርዝሩ በተማሪዎቹ ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከሆነ አበበ ከላይ፣ ዘውዱ ከታች መሆኑን ማን ያጣዋል? በቴሌግራም የሚለቀቀው ሰንጠረዥማ ይብሳል፤ የሰሌዳውን ወረቀት ቢያንስ ዝናብ ያወርደዋል።

«በአሜሪካ ወላጅ ያያል» ያላችሁም አላችሁ። ግማሹ ስሕተት ነው። እዚያ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ከፍተኛ ትምህርት ሲገባ መብቱን ከወላጅ ወደ ልጁ ያዞረዋል። ልጁ በግብር ሕጋቸው የወላጁ ጥገኛ ከሆነ ግን ተቋሙ ለወላጅ መንገር ይችላል። ይችላል እንጂ ይገደዳል አላልሁም!

እና የቢቸናው አባታችን፣ ልጅዎ ውጤቱን ራሱ አውጥቶ ያሳይዎት፤ አለዚያም ለእርስዎ እንዲሰጥ ፈርሞ ይፍቀድ። እምቢ ካለ? እርሱ የቤታችሁ ሽምግልና ነው፤ ሬጅስትራሩን አያስገቡበት።