ቤንዚን ናፍጣ አይደለም፦ ስለ ትልልቅ የቤንዚን መስክ መኪኖች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የሬዲዮ የመኪና ሰዓታችን ስልክ የተጨናነቀው በትልልቅ የቤንዚን መኪኖች ጉዳይ ነው። ቪ8 ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል፣ ባለ 4.0 ፕራዶ። ሰዓት አጥሮን ያልመለስኳቸውንም ጨምሬ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። እኛ አገር የመስክ መኪና ማለት ለረጅም ዓመታት ናፍጣ ማለት ነበር። ሹፌሩም መካኒኩም ያደገው በናፍጣ ነው። አሁን የቤንዚኑን እንገዛና በናፍጣ ልማድ እንይዘዋለን። ጋራዥ ከሚመጡልኝ ጣጣዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

«ቪ8 ላንድክሩዘር ከተማ ውስጥ በሊትር ስንት ይሄዳል?» (ከአዲስ አበባ)

በመንገድ መጨናነቅ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር። በረጅም አስፋልት 7 አካባቢ። ደላላ ከዚህ በላይ ቢነግርዎት አይመኑት።

«የ100 ሞዴል ላንድክሩዘር፣ ባለ 4.7 ቤንዚን ልገዛ ነው። ደላላው ሞተሩ አልተነካም ይላል። ምን ልይ?» (ከአዳማ)

ጠዋት በማለዳ ሂድ። ሞተሩ ሳይነሳ ድረስ። ኮፈኑ ላይ እጅህን አሳርፍ። ሞቆ ካገኘኸው ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነውና ሌላ ቀን እመለሳለሁ በል። የመኪና ሕመም የሚታወቀው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ነው።

የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። ከውስጡ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካየህ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ሊሆን ይችላል። ከዚያ አስነሳው። በዚህ ሞተር ሲነሳ «ጢቅ ጢቅ» ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከሰማህ፣ ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ነው። መኪናውን አያስጥልም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

ዋናው ነገር ይኼ ነው። ባለ 4.7ቱ ሞተር የታይሚንግ ቀበቶው ጎማ ነው። 150,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መቀየር አለበት። ባለ 4.6ቱ፣ ባለ 5.7ቱና ባለ 4.0ው ግን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ሻጩ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ እንዳልተቀየረ ቁጠርና በገዛህ ማግስት ቀይረው። የውሃ ፓምፑንም አብረህ ቀይር፤ የሚፈታው ያው ቦታ ነው። በመንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ያኔ የቀበቶውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ትከፍላለህ።

ጎማውን ስታይ አበባውን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አበባው ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ይህን የሚያህል ክብደት ተሸክሞ በሙቀት ሲሮጥ ይፈነዳል።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ከዚያ መካኒክ ከፍለህ ይዘህ ሂድ። ደላላው የሚያመጣልህን አልወጣኝም፤ አንተ የምትመርጠውን።

«እዚህ ቤንዚን መኪና ርካሽ ነው። ለወንድሜ አንድ ፓትሮል ልላክለት?» (ከዱባይ)

እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ቆይ በይ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። «እኔ አስገባልሻለሁ» የሚል ሰው ካለ በቃሉ አትመኚ። ጉምሩክን በቀጥታ ጠይቂ።

«ነዳጅ ስለሚጠፋ ሁሌ ኋላ ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቤንዚን ይዤ ነው የምጓዘው። ሽታው ቤተሰቤን አስቸገረ። ሽታውን ምን ያጠፋዋል?» (ከጎንደር)

ልጄ፣ ሽታው አይደለም መጥፋት ያለበት። ጀሪካኑ ነው። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አባቶቻችን በናፍጣ ላንድክሩዘር ጀሪካን ጭነው በረሃ ሲያቋርጡ ኖረዋል። ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። ለምን? ናፍጣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት ለማውጣት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ስለዚህ በጎንደር ብርድም በመተማ ሙቀትም እኩል ዝግጁ ነው። ቤተሰብህ የሚሸታቸው ያ ትነት ነው። ከሸተተ አየሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም። ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ምንጣፉ ሥር፣ ወንበሩ ሥር፣ ኤሌክትሪክ ሽቦውና ማብሪያ ማጥፊያው ባለበት ይሰበሰባል። የሚፈልገው አንዲት ብልጭታ ነው። ሲጋራ መሆን የለበትም። የወንበር ሞተር ሊሆን ይችላል። ደረቅ አየር ላይ ልብስህ ከወንበሩ ሲፋተግ የሚፈጠረው ብልጭታም ይበቃዋል።

ጀሪካኑ ራሱ ምንድን ነው? የዘይት ጀሪካን ነው። ለምግብ ዘይት የተሠራ ፕላስቲክ። ክዳኑ ለቤንዚን ትነት አልተሠራም። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ ሙቀቱ ያሳብጠዋል። ስትከፍተው ትነቱ ፊትህ ላይ ይወጣል። ፊቱ የተቃጠለ ደንበኛ አለኝ። ቤንዚኑን ሲያፈስ የነበረው በሞቀ ሞተር አጠገብ ነው፤ እሳት አልያዘም፣ ሲጋራም አያጨስም። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛ። ዛሬም ስልኩን በጆሮው ሲይዝ ያመዋል።

ሌላው ቤት ማስቀመጥ ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ አልጋ ሥር፣ ኩሽና ጥግ። ከሰል ምድጃና ቡታጋዝ ካለበት ቤት ውስጥ አንድ ጀሪካን ቤንዚን መኖር የለበትም። አንድም። ኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ የጎረቤትህንም ልጆች ነው አደጋ ላይ የምትጥለው።

ከጀሪካኑ ጋር የሚመጣ ሌላ ልማድ አለ። በቱቦ በአፍ መሳብ። ቤንዚን ሆድ ከመግባቱ ይልቅ ሳንባ መግባቱ ነው የሚያስፈራኝ። ጥቂቱ እንኳ ሳንባን ያቃጥላል። የዋጠ ሰው ካለ ወተት አጠጥታችሁ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ነው ወደ ሳንባው የሚገባው። ሳል ባይኖረውም ቀጥታ ሐኪም ቤት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ትለኛለህ። ገብቶኛል፤ የወረፋውን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። መልሱ ግን መኪናህ ላይ አለ። ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ላንድክሩዘር 200 ብዙ ጊዜ ሁለት ታንከር አለው፤ ሁለቱ 138 ሊትር ይይዛሉ። Y62 የሚባለው ፓትሮልም 140 ሊትር ያህል ይይዛል። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ እንኳ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ያደርስሃል። ሁለተኛው ታንከር መሥራቱን አስፈትሽ። ግማሽ ሲደርስ ሙላ፤ ቀይ መብራት አትጠብቅ። ማደያዎች በተለያየ ጊዜ በጀሪካን እንዳይቀዱ የተከለከሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ ማታ እነዚያን ሁለት ጀሪካኖች አውጣ። ቤንዚኑን ገላጣ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ወደ ታንከሩ መልሰው። በሮቹን ከፍተህ መኪናውን አናፍስ። ከዚያ በፊት ልጆችህን አትጫንበት። እለምንሃለሁ።

«ዓባይ በረሃን ስወርድ ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አደርገዋለሁ (ማርሽ አወጣለሁ)። አንዳንዴም ሞተሩን አጠፋለሁ። ጉዳት አለው?» (ከደብረ ማርቆስ)

አለው። ቁጠባም የለውም።

ቤንዚን በመርጨት የሚሠራ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ላይ ሆኖ እግርዎን ከነዳጁ ፔዳል ሲያነሱ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። ጎማው ራሱ ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ሲያደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ ፎሌ የበለጠ ያስወጣዎታል።

ሞተሩን ካጠፉት ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይረግጣሉ፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በፍሬን ብቻ ይዘው ሲወርዱ የፍሬን ሸራው ይነድዳል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ከሆነ ወደ 3 ወይም 2 ይቀንሱት። ሞተሩ ቢጮህ አይደንግጡ፤ እያገዘዎት ነው።

«ማደያ ላይ በስህተት ናፍጣ ቀዱልኝ።» (ከቢሾፍቱ)

አታስነሳው። ቁልፉን እንኳ አትንካ፣ አስጎትተውና ታንከሩን አስጠርገው።

«ዱባይ እያለ እንደ አውሬ ይሮጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ግን አቅም አነሰው። ሞተሩ ተበላሽቷል?» (ከአዲስ አበባ)

ላይበላሽ ይችላል። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሩብ ገደማውን እንጦጦ ሥር አጣ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ይህን ያህል አይሰማውም። ቱርቦ ልግጠም ብለህ ገንዘብህን አታባክን። አየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ብቻ አሳይ።

«ዝናብ ሲዘንብ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ላስገባ?» (ከሐዋሳ)

እንደ መኪናህ ነው። ላንድክሩዘር 100 ቪ8፣ 200 እና ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የሚሄዱት። መሃለኛውን ዲፈረንሻል አትቆልፍ እንጂ ሌላ የምታደርገው የለም። የድሮው ፓትሮል ግን ፎር ዊል የሚገባለት ለጭቃና ለአሸዋ ነው። ጎማ የሚይዝ አስፋልት ላይ ካስገባኸው ሲታጠፍ ይተናነቃል፤ ማርሽ ይሰብራል።

ደግሞ ይህን ልብ በል። አራት ጎማ ለመነሳት ያግዛል። ለመቆም አያግዝም። የሚያቆመው ፍሬንህና ጎማህ ነው። ዝናብ ላይ ዝግ ማለት ብቻ ነው መድኃኒቱ።

«ወንዝ ስሻገር የናፍጣ መኪናዬን እንደማደርገው ላድርግ?» (ከአርባ ምንጭ)

አታድርጉ! ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ ነው የሚሠራው። ውሃ ኮይልና ካንዴላ ላይ ከደረሰ መሃል ወንዝ ላይ ይጠፋል። አየር መሳቢያው ውሃ ከሳበ ደግሞ ናፍጣም ቤንዚንም ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። ውሃው ከጎማው ግማሽ በላይ ከሆነ ይቆዩ። ጎርፍ ነውና ሰዓታት ሲቆዩ ይጎድላል።

«ሞተሩን አውጥቼ ናፍጣ ላስገባበት?» (ከደሴ)

እኔ አልመክርም። ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ካምቢዮው፣ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ራዲያተሩ ሁሉ ይከተላል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነትም ይቀየራል። ካልተፈቀደልዎ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ ይቆማሉ። ናፍጣ ከፈለጉ ይህን ሸጠው ናፍጣ ይግዙ።

«ኩላንት ውድ ነው። ንጹሕ ውሃ ብጨምርስ?» (ከአዲስ አበባ)

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሞተሩ የሚሠራውም በዚያው አካባቢ ሙቀት ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ጫና ብቻ ነው። ክዳኑ ትንሽ ከላላ ወዲያው ይፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ዝገቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኩላንት ይጨምሩ። የፈላ ራዲያተር ክዳን ደግሞ በጨርቅም ቢሆን አይክፈቱ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

«ከኤምባሲ በጨረታ የወጣ ቪ8 አይቻለሁ። ዋጋው ጥሩ ነው።» (ከአዲስ አበባ)

መኪናው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ በደንብ የተያዙ ናቸው። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ወደ ግል ሲዞር ቀረጥ ይጠየቅበታል። ማን እንደሚከፍለው በጽሑፍ ሳይሰፍር አንድ ብር አይክፈሉ። ይህ የመካኒክ ጉዳይ አይደለም፤ ጠበቃ ያማክሩ።

«ጠዋት ጠዋት ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መኪናው ሥር ትንሽ እርጥብ ነገር አለ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዥ ልወስደው አስቤ ነበር።» (ከባሕር ዳር)

እናቴ፣ አይንዱት። አያስነሱት። በናፍጣ መኪና ቢሆን ትንሽ ጠብታ ነው እንል ነበር። ይህ ቤንዚን ነው። ልጆቹ ወደዚያ አይሂዱ። አጠገቡ ከሰል አይቀጣጠል። ሥሩ ጀሪካን አስቀምጠው ጠብታውን ለመሰብሰብም አይሞክሩ። መካኒክ ግቢ ድረስ ይምጣና የባትሪውን ገመድ እሱ ይፍታ፤ ከዚያ በጎታች ይሂድ። ጋራዡ «ታንከሩን እንበይደው» ካለ ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ። ቤንዚን የነበረበት ታንከር ባዶ ሆኖም ይፈነዳል። አሁኑኑ ለመካኒክ ይደውሉ።