ዴንቨር ላይ ሊያልቅ የነበረው መንገድ፦ አይ-70 በኮሎራዶ

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ኮሎራዶ ነን። መንገዳችን አይ-70 ነው፤ ከአሜሪካ ኢንተርስቴቶች፣ ማለትም ግዛቶችን ከሚያገናኙት ፈጣን አውራ መንገዶች፣ አንዱ። ዓመቶቹን የምጠራላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ካርታውን እዩልኝ። ከምዕራብ፣ ከዩታ ድንበር ይገባል። ግራንድ ጀንክሽን፣ ግሌንውድ ሸለቆ፣ ቬይል፣ ትልቁ የአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከዚያ ዴንቨር። ከዴንቨር በኋላ ሜዳ ነው። ሜዳ፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ፣ እስከ ካንሳስ። በጠቅላላው 720 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ወደ ዋሻው እንሂድ። ታርማበርን የምታውቁ አላችሁ? ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ጋቢ ተከናንባችሁ ዋሻው ውስጥ ትገባላችሁ። ማዶ ስትወጡ ገደሉ ቁልቁል ይከፈታል። ደብረ ሲና ከታች ናት። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል! የአይዘንሃወር ዋሻም እንደዚያ ነው። በዚህ በኩል ፀሐይ፣ በዚያ በኩል በረዶ። ታርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ይሄኛው 3,400 ይደርሳል። ከኢንተርስቴት መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ይሄ ነው። ደግሞ ውሃውን እዩት። ታርማበር ጫፍ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እዚህም ተራራው ውሃ ይከፍላል፤ አንዱ ወደ አትላንቲክ፣ አንዱ ወደ ፓስፊክ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ታሪኩን ቶሎ ልበላችሁ። በመጀመሪያው እቅድ አይ-70 ዴንቨር ላይ ያልቅ ነበር። የቀድሞው ገዥና ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን ግን አልተኛም፤ ወተወተ። በ1957 ወደ ምዕራብ እንዲቀጥል ተፈቀደ። የአይዘንሃወር ዋሻ ጎን ለጎን ሁለት ነው፤ አንዱ በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ተከፈተ። ሁለተኛው በጆንሰን ስም ተሰየመ። ይገባዋል!

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ነገር ልምጣ። «ከኢንተርስቴት መንገድ ከየአምስቱ ማይል አንዱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን እንዲያርፍበት ነው» ትላላችሁ። የለም፣ ቤተሰብ። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም የሚወራ ነው፤ ግን የለም። ግሌንውድ ሸለቆን እዩት። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የቱ ጋ ነው አውሮፕላን የሚያርፈው? ይልቅ የሸለቆውን ሥራ አድንቁልኝ። ሕዝቡ «ሸለቆውን አታበላሹብን» ብሎ ተሟገተ። ስለዚህ አለቱን በድማሚት ከመናድ ይልቅ የአንዱን አቅጣጫ መንገድ ከሌላው ከፍ አድርገው በድልድይ ላይ ወሰዱት። በ1992 አለቀ። ለኔ ከአሜሪካ መንገዶች ይሄን የሚያህል የለም። ከተስማማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ለወንድም ለእህትም ላኩላቸው።

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ በተለይ ትራክ የምትነዱ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርዱ ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 7 ሜትር ይደርሳል። ማርሹን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ፤ ፍሬኑን እየረገጣችሁ አታግሉት። ከመስከረም እስከ ግንቦት የጎማ ሰንሰለት ይዛችሁ ውጡ። ፍሬን እምቢ ካለ ደግሞ ከመንገዱ ዳር የጠጠር ዳገት ተሠርቷል። አታመንቱ፣ ግቡበት።