ሰማያዊው ጠፋ፤ ብክለቱስ? ውሃን በብርሃንና በካታሊስት ማጣራት

ሰላም፣ ሰላም ተመልካቾቻችን! የዛሬዋ ባለጉዳይ ነጭ ዱቄት ናት፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ። የግድግዳ ቀለም ውስጥ አለች፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥም አለች። የተበከለ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ተገቢውን ብርሃን ስታበሩባት የጨርቅ ማቅለሚያውን፣ ፀረ ተባዩን፣ የመድኃኒት ቅሪቱን ትበታትናለች። ራሷ አታልቅም፤ እንዲህ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ቁስ ነው ካታሊስት የሚባለው። በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በዚሁ ቁስና በብርሃን ውሃን መሰንጠቅ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ነው ነገሩ የጦፈው።

[ሥዕል፦ ደረጃ የሌለው ፎቅ ቤት]

አሁን አንድ ፎቅ ቤት አስቡልን። ደረጃ የለውም! ምድር ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፣ መፈናፈኛ የለም። ላይኛው ባዶ ነው። ቤቱ የዱቄቷ ቅንጣት ነው፣ ሰዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ወደ ላይ መውጫው መወርወር ብቻ፤ ወርዋሪው ደግሞ ብርሃን። ከፍታው በጉልበት ሲለካ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ጉልበቱ 3 የሆነ ወርዋሪ ቢመጣስ? ሰውዬው ንቅንቅ አይልም። ግማሽ ፎቅ የሚባል ነገር የለማ! ደካማ ወርዋሪ ሺህ ቢሰለፍም ያው ነው። የብርሃን ሞገድ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይበረታል፤ ለዚህ ነው ከ387 ናኖሜትር ያጠረ አልትራቫዮሌት የሚያስፈልገው። 365 የሚል ኤልኢዲ ግዙ። 395 የሚለውም ሐምራዊ ነው፣ ዓይን ይሸውዳል፣ እዚህ ሥራ ላይ ግን ይልፈሰፈሳል።

እሺ፣ አንዱ ወጣ። ታች ቦታው ክፍት ቀረ። የወጣው ምን ያምረዋል? መመለስ! አብዛኞቹ ወዲያው ተመልሰው ይወድቃሉ፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው። ኦክስጅን በመስኮት በኩል ቀልቦ ከወሰደው ግን፣ የታችኛው ክፍት ቦታ ደጅ ካለው ውሃ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ኤሌክትሮን የተራበ ቅንጣት ተወለደ! እሱ ያገኘውን ኦርጋኒክ (ካርቦን ያለበት) ሞለኪውል ይቦጫጭቃል፤ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ይህን ታውቁታላችሁ፣ እንለፍ።

አልፈን ልንቀጥል ነበር፤ ግን አስተያየት መስጫው ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፏት ነገር አለች፦ «ሰማያዊው ከጠፋ ውሃው ጸዳ አይደል?» ኧረ በፍጹም! ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ቪዲዮ ላይ ስለሚያምር ሁሉም ይወደዋል፤ አታላይ ነው ግን። ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ይጠፋል። ካታሊስት ሳይኖር በብርሃኑ ብቻ ይደበዝዛል። ኦክስጅን ሲያጥረው ቀለም አልባ ይሆንና አየር ሲያገኝ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ሞለኪውሉ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ስብርባሪ ሲቀርም ውሃው ኩልል ያለ ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ ሥሩ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 ሚሊ ግራም ማቅለሚያ፣ 100 ሚሊ ግራም ዱቄት። ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ አማስሉ፤ ዜሮ ሰዓታችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ዱቄት የሌለው ሁለተኛ ቢከር እዚያው መብራት ሥር ይቀመጥ። አየር ንፉበት። በየ10 ደቂቃው 3 ሚሊ ሊትር ቅዱና በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አጣሩ፤ ፊልተሩ ራሱ ማቅለሚያ ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ድፉ። ሳታጣሩ ውሃው የሚውጠውን ብርሃን 664 ናኖሜትር ላይ ከለካችሁ ዱቄቱ ብርሃን እየበተነ ቁጥሩን ያንርባችኋል። ማቅለሚያው በእርግጥ እስከ መጨረሻው መበታተኑን የሚነግራችሁ ግን አጠቃላይ የኦርጋኒክ ካርቦን ልኬት ነው፤ ስብርባሪው ውስጥ የቀረውንም ካርቦን ይቆጥራል። (መነጽር! አልትራቫዮሌት ቀልድ አያውቅም።)

«ዱቄት ብንጨምርስ?» ውሃው ይነጣል፣ ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፒኤችም (የውሃው አሲድነት መለኪያ) አለ፦ ከ6.5 ገደማ በላይ የዱቄቱ ገጽ ኔጋቲቭ ስለሚሆን ፖዘቲቭ የሆነውን ሜቲሊን ብሉን ይስባል፣ ከዚያ በታች ይገፋዋል። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ደግሞ ራዲካሉን ይቀራመተዋል። በዲስቲልድ ውሃ ብቻ የተገኘ ውጤት ሲያሳዩን ግማሹን ነው የምናምነው። «እርሳስና ፍሎራይድስ ይጠፋሉ?» ያላችሁ ደግሞ፦ ንጥረ ነገር አይበታተንም፣ ሌላ ዘዴ ፈልጉ።

የቀረው ራስ ምታት ዱቄቱን ከውሃው መልሶ ማውጣት ነው። ቅንጣቶቹ ከ20 ናኖሜትር ትንሽ ቢበልጡ ነው፣ በቀላሉ አይዘቅጡም። መስተዋት ላይ ካጣበቃችኋቸው ማጣራቱ ይቀርላችኋል፤ ብክለቱ ግን ገጹ ድረስ መሄድ ስላለበት ሥራው ይንቀረፈፋል። አጣባበቁን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናሳያችኋለን፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አይተናችኋል!