የዎርድ ፋይላችሁ መልኩን ሲቀይር፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

[ስክሪን፦ ዴስክቶፕ። አምስት የዎርድ ፋይሎች፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ ሦስቱ ነጭ ወረቀት]

ማታ ሰማያዊ የነበረው የቤት ኪራይ ውል ጠዋት ነጭ ወረቀት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቱሉ ዲምቱም ይሁን አያት፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይህን ስታሳዩ የምትሰሙት መልስ የታወቀ ነው፦ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ።» እሺ ለማለት አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው፤ የተሳሳተው አይኮኑ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ለሰነድ አይኮን ሲመርጥ ፋይሉን ከፍቶ አያነብም። የሚያየው የስሙን ጅራት፣ ማለትም ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያሉትን ፊደሎች ነው። ጅራቱን አይቶ «ይህን የሚከፍተው የትኛው ፕሮግራም ነው?» ብሎ መዝገቡን ይጠይቃል፤ አይኮኑን ከዚያ ፕሮግራም ይወስዳል፤ በየጊዜው ላለመጠየቅም ምስሉን ጓዳ ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ ብልሽቱን ጅራቱ ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ ፕሮግራሙ ላይ ወይም ጓዳው ላይ ፈልጉት።

ከጅራቱ እንጀምር። ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ብላችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። 11 ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ ያው ነው።

[ስክሪን፦ የፋይሎቹ ስሞች ሲረዝሙ ይታያል]

አሁን እዩ። የዎርድ ፋይል መጨረሻው ዶክ ወይም ዶክኤክስ መሆን አለበት። ጅራቱ ጭራሽ ከሌለ አንድ ሰው ስሙን ሲቀይር አብሮ አጥፍቶታል ማለት ነው፤ «ሪኔም» ብላችሁ መልሱለት፣ አለቀ። ግን የዎርድ አይኮን ለብሶ ጅራቱ ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ የሆነ ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም አይኮኑን ራሱ ይዞ ይመጣል፣ የዎርድን የለበሰውም እንድትከፍቱት ነው። ይህችን ቅንብር ሁልጊዜ ክፍት አድርጋችሁ ብትተዉ ይሻላል። ዊንዶውስ ጅራቱን ደብቆ መምጣቱ መጥፎ ልማድ ነው።

ጅራቱ ትክክል ሆኖ አይኮኑ የሌላ ፕሮግራም ከሆነ መዝገቡ ተቀይሯል። ሰው አንዴ በስህተት በኖትፓድ ከፍቶ «ሁልጊዜ በዚህ» ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አዲስ የተጫነ የቢሮ ፕሮግራም ሥራውን ተረክቦት ይሆናል። ፒዲኤፎቻችሁ የብሮውዘር መልክ የሚይዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ «ቹዝ አናዘር አፕ»፤ ዎርድን ምረጡ። 10 ላይ «ኦኬ» ከማለታችሁ በፊት ከታች ያለችው «ኦልዌይስ» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ፤ ያለ እሷ ለውጡ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 11 ላይ «ኦልዌይስ» ራሱን የቻለ ቁልፍ ነው። ደግሞ ዶክ እና ዶክኤክስ ለዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። አንዱን አስተካክላችሁ ሌላው እንደነበረ ቢቀር አይግረማችሁ፤ ለእሱም ድገሙት።

[ስክሪን፦ ደብል ክሊክ፤ ዎርድ ይከፈታል፤ አይኮኑ ግን አሁንም ነጭ ነው]

ፋይሉ በዎርድ በደንብ እየተከፈተ አይኮኑ ነጭ ሆኖ ከቀረስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው የቆዩ የኦፊስ እትሞችን፣ ለምሳሌ 2010ን፣ ይመለከታል። እነሱ የአይኮኑን ምስል ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለ «ኢንስቶለር» በሚባል ድብቅ ፎልደር ያስቀምጣሉ። «ሃርድ ዲስኩ ሞላ፣ ቦታ ልልቀቅ» ብሎ ያንን ፎልደር የሚያጠፋ ሰው አለ። አታጥፉት። ከጠፋም ኮንትሮል ፓነል፣ «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ»፣ ኦፊስን ምረጡ፣ «ቼንጅ»፣ ከዚያ «ሪፔር» በሉት። አዳዲሶቹ እትሞች ሁለት ምርጫ ይሰጣሉ፦ «ክዊክ ሪፔር» ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ «ኦንላይን ሪፔር» ግን ኦፊስን እንደ አዲስ ስለሚያወርድ ፓኬጃችሁን ይበላዋል። በክዊኩ ጀምሩ።

ሁለተኛው ጓዳው ነው። መብራት ድርግም ሲል፣ በተለይ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ፣ የአይኮን ማከማቻው ፋይል ሳይጻፍ ወይም ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ምልክቱ አይኮኖቹ ተደበላልቀው መታየታቸው ነው፦ የኤክሴሉ ዎርድ ላይ፣ የዎርዱ ፎልደር ላይ።

ቀላሉን አስቀድሙ። ኪቦርዱ ፓወር ግዕዝ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፤ ያለዚያ ትዕዛዙ አይገባውም። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ አርን ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ሳትለያዩ ጻፉ፦ አይ፣ ኢ፣ ቁጥር 4፣ ዩ፣ አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ። ቀጥሎ ስፔስ፣ ከዜሮ ቀጥላ ያለችው ጭረት፣ ከዚያ ሾው። ኢንተር። ስክሪኑ ብልጭ ሊል ይችላል፣ ምንም ላይታይም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይሄው ይበቃል።

ካልበቃ ጓዳውን ራሱን እንጠርጋለን። የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ፣ ክፍት ፕሮግራሞችን ሁሉ ዝጉ።

[ስክሪን፦ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት፤ ከጎኑ ታስክ ማናጀር]

ዊንዶውስና አር፣ ሲ ኤም ዲ፣ ኢንተር። ጥቁሩ መስኮት ይምጣ። አሁን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን ፈልጉ። ስትመርጡት ቁልፉ «ሪስታርት» ይላችኋል፤ አትጫኑት፣ እኛ የምንፈልገው እንዲቆም ነው። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኤንድ ታስክ» በሉት። የታችኛው አሞሌም ዴስክቶፑም ይጠፋሉ። አትደንግጡ፣ ይመለሳሉ።

ጥቁሩ መስኮት ላይ በስክሪኑ የምታዩትን ሁለት መስመር ጻፉ (cd %localappdata%\Microsoft\Windows\Explorer፣ ኢንተር፤ ከዚያ del iconcache*፣ ኢንተር)። የመጀመሪያው በተጠቃሚው ፎልደር ሥር ወዳለው ማከማቻ ይወስዳችኋል፤ ሁለተኛው ስማቸው በ«አይኮንካሽ» የሚጀምሩትን ፋይሎች ያጠፋል። የስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኮከብ አትዝለሏት፤ ለየመጠኑ የተለየ ፋይል ስላለ ሁሉንም የምታነሳው እሷ ናት። «አክሰስ ዲናይድ» ካለ ያልዘጋችሁት ፕሮግራም አለ። ከዚያ እዚያው ላይ ኤክስፕሎረር ብላችሁ ጻፉ፣ ኢንተር። ዴስክቶፑ ይመለሳል፤ ዊንዶውስ አይኮኖቹን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ስለሚሰበስብ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንቀራፈፋል።

[ስክሪን፦ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ሁሉም ፎልደር ላይ ትንሽ ቀስት]

ይህ ግን ሌላ በሽታ ነው። ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀስት ካበቀለና መጠኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ከሆነ የምታዩት ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ብቻ ነው፤ ፋይሎቻችሁ እዚያው ተደብቀዋል። ደብል ክሊክ አታድርጉ። ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ በሆነው በዲፌንደር ስካን አድርጉ። ሲጨርስ በጥቁሩ መስኮት የፍላሹን ፊደልና ሁለት ነጥብ፣ ለምሳሌ ኢ፣ ብላችሁ ግቡ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ትዕዛዝ (attrib -h -s *.* /s /d) ጻፉ። ኤች የድብቅነቱን፣ ኤስ የሲስተምነቱን ምልክት ያነሳል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ኤስና ዲ ደግሞ በውስጥ ላሉ ፋይሎችና ፎልደሮችም እንዲደርስ ያደርጋሉ። ኤች ብቻ ጽፋችሁ ኤስን ከዘለላችሁ እምቢ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ፋይሎቹ ብቅ ሲሉ የምትፈልጉትን ሰነድ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ። ሾርትከቶቹንና የማታውቁትን ፕሮግራም እዚያው ተዉ። ከዚያ ፎርማት አድርጉ፤ ፍላሹን።