የኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ፤ የሊቀመንበሯ የመክፈቻ ንግግር

ውድ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀደልንን ቤተ ክርስቲያን፣ ቡና ያፈላችሁልንን እኅቶቼን እግዚአብሔር ይስጥልን። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም። አዲስ የገቡ ቤተሰቦችን ልጆች አስመዝግበናል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ።

እኔን ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ የፊልሙ ነገር ነው።

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ዘጋቢ ፊልም አብረን እንይ ስንል ሁላችሁም እጅ አወጣችሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን ወንበሩ ባዶ ሆነ። «የነሱ ታሪክ ነው» ያለም፣ «ፖለቲካ አታምጡብን» ያለም አለ።

የነሱ? እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ የሚገድበውን ኮታ የሻረው፣ ያ ትግል ባመጣው ግፊት ጭምር ነው። ሙሉጌታ ሥራው የሚባለውን ወገናችንን እ.ኤ.አ. በ1988 ፖርትላንድ ላይ ደብድበው የገደሉት ዘረኞችስ «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ እለፍ» አሉት?

የመጣችሁት የስፓይክ ሊን «ፎር ሊትል ገርልስ» አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በርሚንግሃም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቦምብ ስለተገደሉት አራት ልጆች ነው። ትንሿ ዴኒስ 11 ዓመቷ ነበር። አባቷ አንድ ነገር ያወራል። ልጅቷ መደብር ውስጥ ሳንድዊች አማራት። ጥቁር ስለሆንሽ እዚህ አይሸጡልሽም ብሎ መንገር የሱ ዕዳ ሆነ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ስልኩን የነካ ሰው አላየሁም።

ለወላጅ ይታይ ያልነው ለዚህ ነው። ልጆቹማ ትምህርት ቤት ይማሩታል። እኛ ነን ሲጠይቁን «ዝም ብለህ ትምህርትህን ተማር» የምንል።

ለሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ይከፈላል። የከፈሉት ጥቂት እናቶች ናቸው። አባቶች፣ የኳስ ቀንማ አዳራሹ ጢም ይላል! ኡበር የምትነዱ ቅዳሜ ማታ ገበያችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለናንተ ብለን ወደ እሁድ አዞርነው። እሁድም ልቅሶ ተገኘ፣ ክርስትና ተገኘ። እሺ ይሁን። ግሩፑ ላይ አውራ ጣት ለመላክ ግን ጊዜ ያጣ የለም።

ቀጣዩ የሄንሪ ሃምፕተን «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» ነው። ክፍሉ 14 ነው፤ አትደንግጡ፣ አንዱን ብቻ ነው የምናየው። ወላጆች ከሥራ እንባረራለን ብለው ሲፈሩ፣ የበርሚንግሃም ልጆች ከፖሊስ ውሻና ከእሳት አደጋ የውኃ ቧንቧ ፊት የቆሙበትን።

ይህ ንግግር ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ዛሬ የቀራችሁ፣ በአውራ ጣት አትመልሱልኝ። ኑ።

ገንዘብ ያዣችን፣ ይቀጥሉ። ጉድለቱንም ሳይሸፋፍኑ ይንገሩልኝ።