ልብና ቀልብ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከሥራ ገብቼ ቡናዬን ጠጣሁና ማይኩን ከፈትኩ። ሁለት ቋንቋ ባንዴ ስለ መማር ላወራችሁ ነው።

የምኖረው እስራኤል፣ ሃይፋ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ዕብራይስጥ ግዴታዬ ነበር፤ እንደ ሁላችንም ኡልፓን፣ አዲስ ገቢው ዕብራይስጥ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ገብቼ ተማርኩ። ዐረብኛን ግን ማንም ተማሪ አላለኝም። ሃይፋ አይሁድም ዐረብም የሚኖርባት ከተማ ናት። ከማጥባቸው፣ ከማበላቸው እናቶች አንዷ ዐረብ ናቸው። ቀን ቀን ዕብራይስጥ ያወራሉ። ማታ ሲደክማቸው ግን ይጠፋባቸዋል። የሚቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነው። ያማቸዋል፣ ይናገራሉ፣ እኔ ግን ምናቸውን እንደሚያማቸው አይገባኝም። ያ አንጀቴን በላው። ዐረብኛ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አስተማሪዬ "አንዱን ሳትጨርሺ ሌላ አትጀምሪ፣ ይደባለቅብሻል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይደባለቃል። ብቻ እኔ የፈራሁት አማርኛዬ ይገባብኛል ብዬ ነበር። አማርኛዬ ዝም አለ። የዐረብኛ ቃል ስፈልግ እየሮጠ የሚመጣው ዕብራይስጡ ነው! ጭንቅላቴ ውስጥ ለባዕድ ቋንቋ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ይመስል፣ ሁለቱ እዚያው ደባል ሆነው ገብተዋል።

አንድ ማታ እኒያ እናት "ላሕሜ" አሉኝ። በዕብራይስጥ "ሌሔም" ዳቦ ነው። ዳቦ አመጣሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ላሕሜ" አሉ ደግመው። ለስለስ ያለ ዳቦ ፈልጌ አመጣሁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለካ ሥጋ ነው ያማራቸው። በዐረብኛ ላሕም ሥጋ ነው፤ ዳቦው ሌላ ስም አለው፣ ኹብዝ።

ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላሕም፣ ሌሔም፣ እያልኩ ሳሰላስል የግዕዙ "ላህም" ትዝ አለኝ። የእኛዋ ላም። እነዚያ ጋ ሥጋ፣ እነዚህ ጋ ዳቦ፣ እኛ ጋ ላም።

እስከዚያ ቀን ሁለቱን ለማራራቅ ነበር የምታገለው። ሁለት ደብተር፣ ሁለት ቀለም፣ የየራሳቸው ቀን። በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛሁና ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ አማርኛ መሃል። እኔ፤ በዐረብኛ አና፣ በዕብራይስጥ አኒ። ራስ፤ በዐረብኛም ራስ፣ በዕብራይስጥ ሮሽ። ሰማይ፤ ሰማ፣ ሻማይም። ልጅ ሆኜ ጎንደር ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ "ንሕነ" ሲሉ እሰማ ነበር። "እኛ" ማለት ነው። የመጽሐፉ ዐረብኛ "ነሕኑ" ይላል፣ ዕብራይስጡ "አናሕኑ"። ይህን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለካ ባዶ እጄን አልመጣሁም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከብደኛል። ሁለቱም ውስጥ የእኛ "እርስዎ" የለም። እናቴን የሚያህሉ ሴት በዐረብኛ "ኢንቲ"፣ በዕብራይስጥ "አት" ናቸው። አንቺ ማለት ነው። አንደበቴ እሺ አይለኝም፤ ስለዚህ "እማማ" እላቸዋለሁ፣ በአማርኛ።

ንባቡም ይፈትናል። ሁለቱም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፉት። አናባቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። በዕብራይስጥ ሦስት ፊደል ታያላችሁ፤ ሴፌር ብትሉት መጽሐፍ፣ ሳፓር ብትሉት ፀጉር አስተካካይ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው እኛም "ገና አልመጣም" እና "የገና በዓል" ስንል በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የምንጽፈው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንባቢው ያውቀዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከሀ ሁ አትጀምሩ። ዐረብኛ ስጀምር ዕብራይስጤ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር፤ ገበያም ሥራም ቦታ እግባባበት ነበር። እኩል ብጀምራቸው ኖሮ ሁለቱንም የምተዋቸው ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት እማማ እጄን ያዙና "አልቢ" አሉኝ። "ቀልቢ" ማለታቸው ነው፣ ልቤ። በእሳቸው አነጋገር ቀ ይዋጣል። ዕብራይስጡ "ሌቭ" ይለዋል፣ የእኛው ልብ። ግን እኮ ቀልብም አለን! "ቀልቤን ሳበው" እንል የለ? ያ የዐረብኛው ቃል ነው። ሁለቱ አማርኛ ውስጥ ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። ሁለቱም አሉን ብዬ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳቸው።

"ድገሚልኝ" አሉ።

ልብ፣ ቀልብ አልኳቸው። ተከተሉኝ፤ ልብ፣ ቀልብ። ቀዋን አልዋጧትም።

በሉ፣ ደህና እደሩልኝ።