የኦክላሆማ ዕቁብ፦ ሻምፒዮን ቡድን እንዴት ይሠራል?

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን። የዛሬው ርዕሳችን ቅርጫት ኳስ ነው፤ የምንጀምረው ግን ከእናቴ ዕቁብ ነው። አይሳቁብኝ፣ እንደርስበታለን።

እናቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነበረች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን በሰው ይሞላል። ቡናው ይፈላል። ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች እየተጠቀለሉ ባዶ የስኳር ጣሳ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን ያወጣል። ያ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ፤ በእጄ ምክንያት ስንት ሰው እንደ ረገመኝ እግዚአብሔር ይወቀው። ምክንያቱም ዕጣው ለሚፈልገው ሰው አይወጣም። ልጁን ሊድር ሦስት ሳምንት የቀረው ሰው ባዶ እጁን ሲቀር፣ ምንም ላልቸኮለችው ሴት ይደርሳታል። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ገበያ የሚጀምረው። «ዕጣሽን ሽጪልኝ» ይላታል።

እንጀራ እየሸጠች የምትተዳደር አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ዕጣዋ በወጣ ቁጥር ትሸጠዋለች። የቸኮለውን ሰው ተራ ትወስዳለች፣ በላዩ ላይ ጥቂት ብር ታስጨምራለች፣ ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ እናቴ ስትጠይቃት «አሁን ብወስደው ለጎመን ነው የሚሆነው» አለቻት። ይህቺን ሴት ያዙልኝ።

አሁን ወደ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ወደ 2025ቱ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ቡድን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ 30 ቡድኖች አሉት። አዳዲስ ተጫዋቾች የሚከፋፈሉት በድራፍት ነው፤ ቡድኖቹ በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፣ ደካማዎቹ ቀድመው፣ በሁለት ዙር። ይህንን ታውቁታላችሁ። ዋናው ነገር ተራው ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የዛሬ ሰባት ዓመት የሚመጣ ተራ እንኳን ዛሬ ይሸጣል። ዕቁብ ማለት ይኸው ነው!

በ2019 ክረምት ልጁን ሊድር የቸኮለው ሰው የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ቡድን ነበር። ኮከቡን ካዋይ ሌናርድን ለማምጣት ከጎኑ ሌላ ኮከብ፣ ፖል ጆርጅን፣ ማቆም ነበረባቸው፤ ፖል ጆርጅ ደግሞ ያለው ኦክላሆማ ነው። የኦክላሆማው ሥራ አስኪያጅ ሳም ፕሬስቲ ልክ እንደ ጎረቤታችን አልቸኮለም። ለአንድ ተጫዋች አምስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን፣ ተራ የመለዋወጥ ሁለት መብቶችን (የክሊፐርስ ተራ ከራሱ ከተሻለ መቀያየር ማለት ነው)፣ ዳኒሎ ጋሊናሪ የሚባል ተጫዋች፣ በላዩ ላይ ደግሞ 21 ዓመት ሊሞላው ቀናት የቀሩትን አንድ ቀጭን ካናዳዊ ተቀበለ። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 10.8 ነጥብ ነበር የሚያስቆጥረው። ስሙ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ይባላል። እኔ በበኩሌ በዚያን ሰሞን «ፕሬስቲ ተበላ» ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ይህ ቻናል ያን ጊዜ ስላልነበረ ማስረጃ የላችሁም።

እዚህ ላይ የናንተ አስተያየት ያስቆመኛል። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁ፦ «ኦክላሆማ እኮ ሆን ብሎ እየተሸነፈ፣ አንደኛ ተራ እየወሰደ ነው ሻምፒዮን የሆነው።» በአጭሩ ልመልስ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ፣ መጨረሻ የወጣ ቡድን አንደኛ ተራ በቀጥታ አያገኝም። ዕጣ አለ። ከ1 እስከ 14 ቁጥር ያላቸው ትንንሽ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይንከላወሳሉ፤ አራት ይወጣሉ። ከ14 ኳስ አራት ሲወጣ 1,001 ዓይነት ጥምረት ይገኛል። አንዱ ይጣልና 1,000ው ወደ ጥሎ ማለፉ ላልገቡት 14 ቡድኖች ይከፋፈላል። ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 140 ጥምረት ይደርሳቸዋል፤ 14 በመቶ መሆኑ ነው። ከሁሉ የባሰውም፣ ከመጨረሻ ሦስተኛውም፣ እኩል! ዲትሮይት በ2023 ከሁሉ የባሰ ሆኖ ጨረሰ፤ ዕጣው አምስተኛ አደረገው። በ2024 እንደገና ከሁሉ የባሰ ሆነ፣ 68 ጊዜ ተሸነፈ፤ እንደገና አምስተኛ። የዲትሮይት ደጋፊ የሆናችሁ ውኃ ጠጡ። በ2025 ደግሞ ዳላስ 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ አንደኛ ወጣና ሁሉም የሚመኘውን ወጣት ኩፐር ፍላግን ወሰደ።

ኦክላሆማ አልተሸነፈም እያልኩ አይደለም። ተሸንፏል! በታኅሣሥ 2021 ሜምፊስ 152 ለ 79 ገርፎታል። 73 ነጥብ። በኤንቢኤ ታሪክ ከዚያ የሰፋ ልዩነት የለም። ግን እስቲ የ2025ቱን ሻምፒዮን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ጠይቋቸው፦ ከየት መጣህ? ሼይ፦ ከዚያ ሽያጭ። ጄይለን ዊሊያምስ፦ በ2022 በ12ኛው ተራ፣ እሱም የክሊፐርስ ተራ ነበር፣ ከዚያው ሽያጭ። ሃርተንስታይን፦ በገንዘብ። ካሩሶ፦ በልውውጥ። ዊጊንስ፦ በ55ኛ ተራ። ሉ ዶርት፦ ማንም አልመረጠውም። በራሱ በኦክላሆማ ሽንፈት የመጣ ትልቅ ስም ቼት ሆልምግሬን ብቻ ነው፣ በ2022 ሁለተኛ ተራ። እሱም የመጀመሪያ ዓመቱን በእግር ጉዳት ተቀምጦ ነው የጨረሰው። ስለዚህ «በመሸነፍ አሸነፈ» የምትሉ፣ በጎረቤታችን ላይ «ድሃ በመሆኗ ከበረች» እንደማለት ነው።

(የቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ ደወሏን ተጫኑ፤ የተጫናችሁም ለአንድ የዲትሮይት ደጋፊ አካፍሉ።)

ወደ ማሳደጉ ልለፍ። በእግር ኳስ የለመድነው ክለቡ ልጁን ከሕፃንነቱ ይዞ ሲያሳድግ ነው። ኤንቢኤ እንደዚያ አይደለም፤ ልጆቹን ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ አሳድገው ይልካሉ፣ «የራሳችን ልጅ» የሚባለው ከተመረጠ በኋላ የተሞረደው ነው። ኦክላሆማ ለዚህ ብሉ የሚባል ታዳጊ ቡድን አለው። ዶርትን እዩት። በ2019 የድራፍት ምሽት ስሙ ሳይጠራ አለቀ። ኦክላሆማ በዋናውና በብሉ መካከል በሚያመላልስ አነስተኛ ውል ያዘው። በቀጣዩ ዓመት ከሂውስተን ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ የሂውስተኑን ኮከብ ጄምስ ሃርደንን እየተከላከለ 30 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ፤ ልጁ ግን ተገኘ። ካሩሶም በ2016 ብሉ ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳይያዝ ቀረና ከስምንት ዓመት በኋላ በውድ ተመለሰ። ፕሬስቲም ይሳሳታል ማለት ነው፤ ደስ ይላል።

የደመወዙን ነገር በፍጥነት፦ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ጣሪያ አለ፣ በ2024-25 ወደ 140.6 ሚሊዮን ዶላር፤ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ደመወዝ ለአራት ዓመት በሰንጠረዥ ይወሰናል፤ የራስህን ተጫዋች ውል ለማደስ ጣሪያውን ማለፍ ይፈቀዳል። በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ 40 ነጥብ ያስቆጠረው ጄይለን ዊሊያምስ በዚያ ዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር የሚከፈለው። ወጣት ያለው ቡድን በተረፈው ገንዘብ ሃርተንስታይንን የሚያክል ሰው ይገዛል። አለቀ።

ግን ዕዳውም ይመጣል። በሐምሌ 2025 ሼይ፣ ቼትና ዊሊያምስ ሦስቱም ውላቸውን አራዘሙ፤ የሼይ ብቻ 285 ሚሊዮን ዶላር ለአራት ዓመት። ኦክላሆማ ይህንን ያውቀዋል። በ2012 ዱራንትን፣ ዌስትብሩክንና ሃርደንን አንድ ላይ ይዞ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ በደመወዝ አልስማማ ብሎ ሃርደንን ሸጠ፤ በ2016 ዱራንት ውሉን ጨርሶ በነጻ ሄደ። ሦስቱም የራሱ ምርጫዎች ነበሩ፣ ሦስቱም በተለያየ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብለዋል፣ አብረው ግን አንድ ዋንጫ አላነሡም።

በዚህኛው ጊዜ ልዩነቱ ጣሳው ውስጥ ነው። በሰኔ 2025 ኢንዲያናን በሰባተኛው ጨዋታ 103 ለ 91 አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሡ፣ ከዚያ የ2019 ሽያጭ ገና ያልወጣች አንዲት ወረቀት ነበረቻቸው፤ የክሊፐርስ የ2026 የመጀመሪያ ዙር ተራ።